አሥራ ሦስቱ ደብሪቱዎች

እኔ በሙያዬ ቀማሽ ነኝ። በአገራችን ቀማሽ ማለት ቀላል ሰው አይደለም። ዳኛ የሚጠራው ሰው ሲጣላ ነው፤ ቀማሽ ግን ሰው ተስማምቶ ሲበላም ይጠራል፣ ስምምነቱ ትክክል መሆኑን እንዲያረጋግጥ። ሹመቱን ከያዝኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ጥብስ ተጠብሶበት እኔ ያልቀመስኩበት ከተማ የለም። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመመጻደቅም ነው።

ስለዚህ የኛ ከተማ ጥብስ ከሁሉም ይበልጣል ስል ለትውልድ ቦታዬ ያደላሁ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ሹም ነው የምናገረው። ደገኞቹ ሥጋውን በጋለ ድንጋይ ላይ አንጥፈው በሌላ ድንጋይ ይጫኑታል። ይጣፍጣል፣ ግን ሲያኝኩት ድንጋዩ ትዝ ይላል። የወንዝ ዳር ሰዎች በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ረመጥ ውስጥ ይቀብሩታል። ለስላሳ ነው፣ መረቁም አይባክንም፤ ነገር ግን ቅጠሉ እስኪፈታ ድረስ እንግዳው በጉጉት እንጀራውን ባዶውን ይጨርሰዋል። የጨው አገር ሰዎች ሥጋውን ጨው ላይ አስተኝተው ጨው ያለብሱታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የውኃ ጥም እንደ ክብር ይቆጥሩታል። ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ፣ ሦስቱም የየራሳቸው መልክ አላቸው። የኛ ግን በግራር ፍም ላይ የተንጠለጠለ ዝልዝል ነው፤ ያውም ከእትዬ ደብሪቱ እጅ።

የእትዬ ደብሪቱ ቤት አራት መንገዶች በሚገናኙበት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ከበሩ በላይ «ደብሪቱ ጥብስ ቤት» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሏል። ውስጡ ያለው አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ የሥጋ መቁረጫ ግንድና እሷ ራሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ፍም ላይ ስለ ቆመች ጢሱ ሳል ሰጥቷታል፤ ግራ ጉልበቷንም ያማታል። ሰው ሲገባ «ምን ልታዘዝ?» አትልም። ቀና ብላ ታየውና «ከየት ነው የመጣኸው?» ትለዋለች። ለሴት «ከየት ነው የመጣሽው?» ትላለች፣ ለሽማግሌ «ከየት ነው የመጡት?»። የምትጠብሰው መልሱን ከሰማች በኋላ ነው።

ዳገት ወጥቶ ለመጣ ሰው ጮማ የበዛበት ጎድን ትሰጠዋለች። በቆላ ሐሩር ሲነድ ለዋለ ስስ ቀይ ሥጋ በሎሚ። ከፍርድ ቤት ለመጣ አጥንት ታበዛለታለች፤ «ንዴቱን እዚሁ ይጋጠው፣ ቤቱ ይዞት እንዳይገባ» ትላለች። ከለቅሶ ለመጣ ደግሞ ሥጋውን አድቅቃ ትከትፈዋለች፣ ሚጥሚጣውንም ትተወዋለች፤ ያለቀሰ ሰው ጉሮሮው ጠባብ ነው። አባቴን የቀበርኩ ዕለት እሷ ዘንድ ገብቼ ነበር። የዚያን ቀን አልጠየቀችኝም፣ እሷም ከዚያው ቀብር ነበር የመጣችው። የከተፈችልኝን እስከ መጨረሻው በላሁ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህች ሴት ጥብስ ያለ ኩራት ማውራት አልችልም፤ ብችልም አልፈልግም።

እንግዲህ በአንዱ ዓመት የቅምሻ ዘገባዬ ላይ «የደብሪቱ ጥብስ የአገር ኩራት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ዘገባዬ አምሳያ ጽሕፈት ቤት ደረሰ። የዚህ ጽሕፈት ቤት ሥራ በአንድ ቦታ ያማረ ነገር በሌላውም ቦታ ልክ እንደዚያው እንዲሆን ማድረግ ነው። ቀደም ሲል በአንድ ከተማ የቆመ የሰዓት ማማ በውበቱ ተወዶ በሁሉም ከተሞች አምሳያው ተሠርቶለት ነበር። ያ ማማ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀር ስለ ነበር፣ ዛሬ አገሪቱ በሙሉ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርታ በሰላም ትኖራለች። የጽሕፈት ቤቱ የበላይ ሊቀ አምሳያ ቢተው ይባላሉ፤ ረጋ ያሉ፣ ክፋት የማያውቁ፣ ሁለት ነገር ተመሳስሎ ሲያዩ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርር ሰው ናቸው።

«ኩራት በአንድ ከተማ ብቻ ለምን ይከማቻል?» አሉ ዘገባዬን አንብበው። «በየከተማው ደብሪቱ ትኑር!»

አቶ ልሳነወርቅ የሚባል መዝጋቢ ወደ እትዬ ደብሪቱ ተላከ። አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ ያየውን አንድ ሳያስቀር ጻፈ፤ ምሳውንም እዚያው በልቶ የበላውን እስከ ቅንጣቷ ገለጸ። መዝገቡ መቶ አሥራ አራት ነጥብ ነበረው። እኔ በዚያ ሰሞን የጨው አገር ሰዎችን ጥብስ ልቀምስ ርቄ ሄጄ ስለ ነበር አልተገናኘንም። ዓመት ሳይሞላ በዚሁ መዝገብ መሠረት አሥራ ሦስት «ደብሪቱ ጥብስ ቤት» በአሥራ ሦስት ከተማ ተከፈተ። እኔም ዞሬ እንድቀምስ ታዘዝኩ። እውነቱን ልናገር፣ መንገዱን የጀመርኩት በደስታ ነው፤ የኛ ነገር በየአገሩ ሲበላ ለማየት።

የመጀመሪያው የገባሁበት በወንዝ ዳር ከተማ የተከፈተው ነው። ጠባሹ ድሮ በኮባ ቅጠል ጥብስ ስሙ የገነነው ማንደፍሮ ነበር። ሰላምታ ሳይሰጠኝ ግራ እግሩን እየጎተተ ወደ ምድጃው ሄደ፣ ሦስት ጊዜ አሳለ፣ ከዚያ ሥጋውን አገላበጠ።

«ምን ሆነህ ነው ማንደፍሮ? ታመሃል እንዴ?» አልኩት።

«ጤነኛ ነኝ ጌታዬ። ነጥብ ሰባት፣ እግር መጎተት። ነጥብ ስምንት፣ ሦስት ጊዜ ማሳል። በፊት በፊት ይጠፋብኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ። ማታ ቤቴም ስገባ እጎትታለሁ።»

«ቅጠሉስ?»

«ቅጠል መዝገቡ ላይ የለም» አለና ዓይኑን ሰበረ።

ይህን ስንባባል ጥቁር የለበሱ አሮጊት ገቡ። ማንደፍሮ ቀና ብሎ በታላቅ ድምፅ «ከየት ነው የመጣኸው?» አላቸው። አሮጊቷ ከኋላቸው ወንድ የገባ መስሏቸው ዞር አሉ። ማንም የለም።

«እኔን ነው?» አሉ።

«አዎ እማማ። ይቅርታ፣ መመሪያው እንደዚያ ስለሚል ነው።»

«እኔማ ልጄ... ከወንድሜ ቀብር ነው የመጣሁት።»

«እሺ» አለ ማንደፍሮ፤ ነጥብ አሥራ ሁለት «መልሱን ከሰሙ በኋላ እሺ ማለት» ይላልና። አሳለ፣ ለሁሉም የሚሰጠውን ሰጣቸው። የዚያን ጊዜ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመዝገቡን ቅጂ ምድጃ ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሹመቴ ያዘኝ።

ሥጋው ሲቀርብ ደነገጥኩ። ገርጥቷል። መጀመሪያ ተቀቅሎ ኋላ ለወጉ ያህል እሳት ያየ ነው፤ ጥፍር ጥፍር አክሎ ተከትፏል፤ ሚጥሚጣ የለው፣ ጨው ከሩቅ ነው የሚሰማው። አፍ ውስጥ ሲገባ ምንም ሳያስቸግር ይጠፋል። በሌሎቹ አሥራ ሁለት ከተሞችም ያው ነው፤ ያው ሳል፣ ያው እግር፣ ያው የገረጣ ሥጋ። ሕዝቡ ግን ኮርቷል። «አቤት የደብሪቱ ጥብስ! ጥርስ እንኳ አይፈልግም እኮ!» ይባባላል። በድንጋይ የሚጠብሱት ደገኞች ድንጋያቸውን ለአጥር አውለውታል። እኔ ለእያንዳንዱ ቤት «እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ» ብዬ ፈረምኩ። ሐሰት አልነበረውም።

ነገር የመጣው ከአንድ መንገደኛ ነው። ሰውዬው በአሥራ ሦስቱም ከተማ በልቶ በመጨረሻ ወደ ከተማችን ደረሰና እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ገባ። ዳገት ወጥቶ ስለ መጣ ጎድን ሰጠችው። ጎድኑን አኘከና አቤቱታ ጻፈ። «በከተማው ደብሪቱ ነኝ የምትል ሴት አለች፤ ጥብሷ ግን ደብሪቱ አይደለም፣ ጥርስ ይጠይቃል።»

ሊቀ አምሳያ ቢተው ሕጉን ገለጡ። የአገራችን ሕግ በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው፤ ብዙ የሆነው ዋና፣ አንድ የሆነው ቅጂ ነው። አሥራ ሦስት ቤት አንድ ዓይነት ከሆነና አንዱ ከተለየ፣ ያ አንዱ አስመስሎ የተሠራ ነው ማለት ነው። እሳቸው ራሳቸው ከኔ ጋር መጥተው እንዲቀምሱ ተወሰነ። እኔ በቅጹ ላይ «ይመሳሰላል» ወይም «አይመሳሰልም» እጽፋለሁ። አይመሳሰልም ከተባለ ቆርቆሮው ይወርዳል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ደብሪቱ በምድጃዋ አጠገብ «ደብሪቱ» ተብላ ብትጠራ አቤት ማለት አይፈቀድላትም።

ቀጠሮው ለምሳ ነበር። እኔ ጠዋት ቀድሜ ሄድኩ። ፍሙን እያራገበች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳሉን፣ እግሩን፣ የገረጣውን ሥጋ። ሥጋውን ስነግራት ማራገቧን አቆመች።

«የተቀቀለ? ተከትፎ? ያለ ሚጥሚጣ?»

«አዎ። አንቺ እንዲህ ያለ ነገር ከመቼ ወዲህ ትሠሪያለሽ?»

«ያ የጽሕፈት ቤቱ ልጅ፣ ልሳነወርቅ፣ ከየት ነው የመጣኸው ስለው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ከጥርስ ነቃይ! መንጋጋው እንዲህ አብጦ፣ አፉን መክፈት አቅቶት፣ እየጻፈ ያቃስታል። አሳዘነኝ። ቀቀልኩለት፣ አድቅቄ ከተፍኩለት፣ ምራቁን እንኳ መዋጥ ለከበደው ሰው ሚጥሚጣ ልሰጠው ነው?»

ተያየን። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ጉልበቷን ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ሳሏ እስኪነሳባት ድረስ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አገር ምድሩ፣ ጤነኛው ሁሉ፣ ሠርገኛው ሳይቀር፣ ዓመት ሙሉ የአቶ ልሳነወርቅን የጥርስ ሕመም እየበላ ሲኮራ ኖሯል።

ሳቁ ሲበርድልን የመጣሁበትን ነገር አነሳሁ። «እትዬ፣ ዛሬ ያንኑ ሥሪላቸው። ለልሳነወርቅ የሠራሽውን። አንድ ቀን ብቻ። ይመሳሰላል፣ ስምሽም ይተርፋል።»

«ዛሬ ጥርሱን ያመመው ማን ነው?»

«ማንም የለም።»

«ታዲያ ለማን ልሥራው?»

ሌላ መንገድ ሞከርኩ። «እንግዲያው የፈለግሽውን ሥሪ። ቅጹን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ይመሳሰላል ብዬ እጽፋለሁ።»

ከአግዳሚው ብድግ አለች። እንደዚያ ስትቆጣ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

«ወንድይራድ፣ አባትህ ጎረቤቴ ነበር፤ ስለሱ ስል ነው የማላባርርህ። የኔን ጥብስ በልተህ፣ አፍህን ጠርገህ፣ ያ የገረጣው ነገር ይመስላል ልትል ነው? ስሜን ይውሰዱት! ስም ምን ይሠራል፣ ሲጠሩኝ አቤት ለማለት ነው። አንተ ግን ይመሳሰላል ብለህ ብትጽፍ በዚች በር እንዳትገባ። ከየት መጣህ ብዬም አልጠይቅህም።»

ሠላሳ ዓመት የሠራችበትን ስም ልትለቅ ነው፣ እኔም ነኝ በብዕሬ የምገፍፋት፤ የሚገርመው ግን ያዘንኩት በራሴ ነበር። በእሷ ኮራሁ።

ሊቀ አምሳያ ቢተው በሰዓቱ፣ ማለትም አምስት ደቂቃ ዘግይተው፣ ደረሱ። አቶ ልሳነወርቅም መዝገቡን ታቅፎ ከኋላቸው ገባ፤ መንጋጋው ደኅና ሆኗል። እትዬ ደብሪቱ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ከየት ነው የመጡት?»

ሊቀ አምሳያው ወደ መዝጋቢው ዞሩ። «ነጥብ አሥራ አንድ ላይ ልዩነት አለ፤ ‹የመጣኸው› ነው የሚለው። መዝግበው።» ከዚያ ለእሷ፣ «ከአምሳያ ጽሕፈት ቤት ነው የመጣሁት» አሏት።

«እሱንማ ለብሰውት መጥተዋል። ከየት ነው የመጡት ማለቴ ነው። ጠዋት የት ነበሩ?»

ሊቀ አምሳያው መዝገቡን በዓይናቸው ፈለጉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም መሰለኝ። «ጠዋት... ቤቴ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ቁርስ ቤቴ አልበላም። እንዲሁ ተቀምጬ ቆይቼ ወጣሁ።»

እሷ ግን «እሺ» አላለችም። ወደ ግንዱ ሄደች። ከሽንጡ ረዘም አድርጋ ዘለዘለች፣ ፍሙ ላይ ሰቀለች፣ ጮማው ጠብ ጠብ እያለ ጢሱ ሲነሳ አዞረችው። አዋዜውን ለብቻ አላቀረበችም፤ ራሷ ቀብታ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ በእጇ ወደ አፋቸው ዘረጋች። ብቻውን የሚበላ ሰው የሚያጎርሰው ሰው ያስፈልገዋል። ሊቀ አምሳያ ቢተው በመቶ አሥራ አራቱ ነጥብ ውስጥ የሌለውን ያንን ጉርሻ ሳይቃወሙ ተቀበሉ።

በሉ። ግንባራቸውን አላበው። የያዙትን ጨርሰው የሚቀጥለውን ሳይጠየቁ አነሱ። አቶ ልሳነወርቅ በጤነኛ ጥርሱ አንድ ጎድን ይዞ ቀረ፤ አጥንቱን ሲግጥ መዝገቡ ከጭኑ ላይ ወደቀ። ማንም አላነሳውም። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ሊቀ አምሳያው ጣታቸውን አንድ በአንድ ላሱና በጨርቅ ጠረጉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን የተመሳሰለ ነገር አልነበረም።

«ያሳዝናል» አሏት በትሕትና። «ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም። ግን ደብሪቱ አይደለም።»

«አይደለም» አለች እትዬ ደብሪቱ።

ወደ እኔ ዞሩ። ቅጹን አወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ እንደ ዶሮ ጭረት የነበረው ጽሕፈቴ የዚያን ቀን ተቃናልኝ። «አይመሳሰልም» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉን ለሩቅ አንባቢ እንዲታይ አገዘፍኩት። ጣቴ ላይ የነበረው ቅባት በወረቀቱ ጥግ ታተመ። እሷ በትከሻዬ በኩል አይታ «ደግ አድርገሃል» አለችኝ። ቆርቆሮውን ራሷ ወንበር ላይ ቆማ አወረደችውና፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጋ የከሰል ጆንያ መክደኛ አደረገችው።

ሕጉ በዚህ አያበቃም። አስመስሎ የሠራ ቤት ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ በሩ ላይ ይለጠፍበታል። የጻፍኩት ቅጽ ማኅተም ተደርጎበት፣ ቅባቱም እንዳለ፣ በሯ ላይ ተቸነከረ። «ይህ ቤት ከአሥራ ሦስቱ ቤቶች ከአንዱም ጋር አይመሳሰልም። ተመጋቢ ሁሉ ይወቀው።»

ተመጋቢ ሁሉ አወቀው። በመናኸሪያው የሚያልፍ መንገደኛ ቆሞ ያነበዋል፣ ራሱን ነቅንቆ ይገባል። በሳምንቱ ሰልፍ ሆነ። በወሩ ከደጋም ከጨው አገርም የሚመጡ ነበሩ። በስሟ አቤት ማለት ስለ ተከለከለች ሰዉ «እሷ» ማለት ጀመረ። «ምሳ የት በላህ?» ሲባል «እሷ ጋ» ይላል፤ የቷ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አሮጌዎቹ ጠባሾችም ወሬውን ሰሙ። ማንደፍሮ አንድ ቀን መጥቶ በላ። «ከየት ነው የመጣኸው?» ስትለው «ከደብሪቱ» አላት፤ ሁለቱም ሳቁ። ሲወጣ ቀጥ ብሎ ነበር የሚራመደው። በሳምንቱ የኮባ ቅጠል ሲቆርጥ ታየ ብለው ነገሩኝ።

የቀሩት አሥራ ሁለቱ ባለቤቶች ግን ተሰብስበው ለአምሳያ ጽሕፈት ቤት አቤት አሉ። ያ ወረቀት ለአንድ ቤት ብቻ መሰጠቱ አድልዎ ነው፣ እኛም በራችን ላይ ይገባናል አሉ። ሊቀ አምሳያ ቢተው ነገሩን መረመሩና ልክ ናችሁ አሏቸው። የማንደፍሮም ቤት እንዳይቀርበት ተብሎ አሥራ ሦስት ቅጂ ተዘጋጀ፤ ቅጂዎቹ ከዋናው ጋር መመሳሰላቸውን እንዳረጋግጥም ተጠራሁ።

በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው። አሥራ ሦስት ጊዜ «ይህ ቤት ከአሥራ ሦስቱ ቤቶች ከአንዱም ጋር አይመሳሰልም»። የእጅ ጽሕፈቴን ቀድተውታል። ጥጉ ላይ ያለችውን የቅባት ጠብታ እንኳ አልረሷትም፤ በብሩሽ በየወረቀቱ አኑረዋታል።

«ይመሳሰላሉ?» አሉኝ ሊቀ አምሳያው በስስት።

አንድ በአንድ አየኋቸው፣ አሸተትኳቸውም። «ቁርጥ አንድ ናቸው» ብዬ አሥራ ሦስቱም ላይ ፈረምኩ። ከዚያ ተነሥቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ምሳዬን ልበላ እሷ ጋ ሄድኩ።